በጧፍ ሰም የደፈንኩት ቧንቧ

ሸዋ ሮቢት
ጥቅምት 20 ቀን 2008 ዓ.ም.

ልጄ ፈይሩዝ፣

ሰላምታውን ዛሬ ወደ መጨረሻ አድርጌዋለሁ፤ ቅር እንዳይልሽ። ካስቀደምኩት እንደ ወትሮዬ ስለ ማሾው፣ ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ጉልበቴ ስጽፍ ወረቀቱ ያልቅብኛል። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ እንደዚያ እያለ ነው ያለቀብኝ። ስለዚህ ይኸውልሽ፦ እናትሽን ናፊሳን የገደላት እሳት የተነሳው እኔ ከበየድኩት ቧንቧ ነው። ቧንቧው እንደሚያፈስ አውቅ ነበር። እያወቅኩ ትቼው ሄጃለሁ።

እዚህ ላይ ደብዳቤውን ብትቀጂው አልፈርድብሽም። ካልቀደድሽው ግን እስከ ታች አንብቢው።

በመስከረም የላክሽውን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ሚቴኑን የሚሰነጥቀው መሣሪያችሁ ተገጥሞ ማለቁን ስትነግሪኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ወረድ ብዬ ግን የጋዙን መዝጊያ መክፈት ሲደርስ እጅሽ እንደሚደርቅና ሌላ ሰው እንደሚከፍትልሽ ሳነብ ወረቀቱን አጠፍኩት። ከዚያ በታች «ለምን እንዲህ ደግ ሆኑልኝ?» ብለሽ ለጠየቅሽኝ ደግሞ መልሴ ይህ ነው፦ ደግነት አልነበረም። ማጀቴ ከተማ አክስትሽ ዘንድ ሳለሽ ደብተር ይዤ ስመላለስ፣ ለፈተናሽ ስለት ስሳል፣ ዩኒቨርሲቲ ስትገቢ እስከ አውቶቡሱ ስሸኝሽ፣ ያ ሁሉ ፍርሃት ነበር። ፍቅሩ ቆይቶ የመጣ ነው። እውነት ስለሆነ ጻፍኩት እንጂ እንድታዝኝልኝ አይደለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1993 አንድ ድርጅት ጀውሃ ላይ ከብት ላላቸው ገበሬዎች የባዮጋዝ ጉድጓድ ሲያስቆፍር የቧንቧው ብየዳ ለእኔ ተሰጠ። እበቱ ጉድጓድ ውስጥ ይብላላል፤ ጋዙ በቧንቧ ወጥ ቤት ይገባል። የእናንተ ቤት የመጀመሪያው ነበር። አባትሽ መንገደኛ እየጠራ ያሳይ ነበር። «የገብረሚካኤል ብየዳ ትንፋሽ አያሳልፍም» ይላቸዋል።

ኅዳር 11 ከሰዓት በኋላ እናትሽ «ትንሽ ትሸታለች» ብላ ላከችብኝ። መጥቼ የሳሙና አረፋ ቀባሁ። ከምድጃው በላይ፣ ከቆርቆሮው ሥር፣ ጋዙ መዝጊያው ጋ ከመድረሱ በፊት ባለው መጋጠሚያ ላይ አረፋዋ የሰሊጥ ፍሬ አክላ ተነፋች። ቧንቧው ወርዶ እንደገና መበየድ ነበረበት። መሣሪያዬ ያለው ሸዋ ሮቢት፤ ፀሐይ እያዘቀዘቀች፤ ማግስቱ ዓመታዊው ሚካኤል። እኔ በሚካኤል ቀን የሥራ እሳት አላነሳም፤ አባቴም አያነሳም ነበር። «እስከ ተነገ ወዲያ እንዳትነኩት» ብሎ ዋናውን መዝጊያ ጉድጓዱ ላይ መዝጋት ይበቃ ነበር። አባትሽ ግን ሁለት እንግዶች ይዞ ደጃፉ ላይ ቆሟል፤ ስለ ብየዳዬ እያወራላቸው ነው።

ኮቴ ኪስ ውስጥ ባለቤቴ ሙሉ ለበዓሉ የገዛችው ጧፍ ነበር። ጫፉን ቆርሼ፣ በጣቶቼ አሙቄ፣ ቀዳዳዋ ላይ ለጠፍኩት። እንደገና አረፋ ቀባሁ፤ አልተነፋም። ለእናትሽ «ደህና ናት» አልኳት። እርጎ ሰጠችኝ፤ ጠጣሁ።

በማግስቱ ታቦቱን አጅበን ስንመለስ ፀሐዩ አናቴን ሲመታኝ ስለ ሰሙ አሰብኩ። አስቤ ነበር፤ ይህንን አልደብቅሽም። በእኛ ቆላ ከቆርቆሮ ሥር ሰም እንደማይቆም ሕፃንም ያውቃል። ከዚያ መዝሙሩ ቀጠለ፤ እኔም ቀጠልኩ። ማታ እናትሽ ለእራት ክብሪት ጫረች። ሽታውን ከበረቱ ሽታ አልለየችው ይሆናል። ረመዳን ሊገባ ስድስት ቀን ነበር የቀረው፤ በተቃጠለች በአሥራ ዘጠነኛው ቀን አረፈች። ጥፋቱ አንቺ ላይ ሲወድቅ ዝም አልኩ።

እንግዲህ ሰላምታዬ ይኸው፦ እንደምን አለሽ ልጄ? ብርዱ እንዴት ይዞሻል?

ገብረሚካኤል


ትሮንድሄም፣ ኖርዌይ
ኅዳር 24 ቀን 2008

ለጋሼ ገብረሚካኤል፣

እንደምን ከረሙ። ይህን የምጽፈው እናቴ ሰላም ሳትይ ነገር አትጀምሪ ብላ ስላሳደገችኝ ነው፤ ሌላ ትርጉም አይስጡት።

ደብዳቤዎ ከደረሰኝ አሥራ አንድ ቀን ሆነው። አልቀደድኩትም። ሥራ ቦታ ኮቴን የምሰቅልበት ሳጥን አለ፤ እዚያ ቆልፌበታለሁ። ቤቴ ማስገባት አልሆነልኝም።

ሸክም አወረድኩላት ብለው አስበው ይሆናል። ወላሂ እንደዚያ አልተሰማኝም። የተዘረፍኩ ነው የመሰለኝ። አሥራ አምስት ዓመት «እኔ ነኝ» ብዬ ኖሬያለሁ። ኬሚስትሪ የመረጥኩት እኔ ነኝ ብዬ ነው። ፀሐይ በዘጠኝ ሰዓት ወደምትጠልቅበት አገር የመጣሁት እኔ ነኝ ብዬ ነው። አሁን አንቱ ተነሥተው «አይ፣ የእኔ ነው» ሲሉኝ ምኑን ይዤ ልቁም?

ከዚህ በፊት ስለ ሥራዬ የጠየቁኝን መመለስ ይቀለኛል። ሚቴን ያው የእኛ የእበቱ ጋዝ ነው። አንድ ካርቦን አራት ሃይድሮጅን ይዞ ይሄዳል። ሲያነዱት ሁለቱም ከአየሩ ጋር ይያያዛሉ፤ ከካርቦኑ የሚወጣው ጋዝ ሰማይ ላይ ተከማችቶ ምድርን ያሞቃል። እኛ አናነደውም። አየር የሌለበት የብረት ዕቃ ውስጥ በሁለት ኤሌክትሮዶች መካከል የኤሌክትሪክ ነበልባል እናነሳለን፤ አንቱ በብየዳ የሚያነሱት ዓይነት ብርሃን፣ ግን እጅግ የበረታ። እንደዚያ ግሎ ኤሌክትሪክ የሚያሳልፍ ጋዝ ፕላዝማ ይባላል። ሚቴኑ በዚያ ሲያልፍ ይሰነጠቃል እንጂ አይነድም። ካርቦኑ ጥቁር ዱቄት ሆኖ ወደ ታች ይወርዳል፤ ሃይድሮጅኑ ለብቻው ይወጣል። ያ ሃይድሮጅን በኋላ ሲነድ የሚተወው ውሃ ብቻ ነው። ኤሌክትሪኩንም እዚህ ከፏፏቴ ያገኙታል።

እንዲህ ያለ ሥራ መኖሩን መጀመሪያ ያነበብኩት አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው። ጋዙ እሳት ሳይሆን ይለያያል የሚለውን መስመር ደግሜ ደጋግሜ አነበብኩት። ለምን እንደሆነ አንቱ ከማንም በላይ ያውቃሉ።

አንድ ያልገባኝ ነገር አለ። የወጥ ቤቱ መዝጊያ ክፍት ነበር። አባቴ በዓይኑ አይቷል፤ ጎረቤቱም አይቷል። ያን ቀን ጠዋት ለሻይ ከፍቼ መልሼ የዘጋሁት ይመስለኛል፤ እጀታው መዳፌ ላይ ትዝ ይለኛል፤ ግን ክፍት ነበር። ታዲያ የአንቱ ቀዳዳና የእኔ መዝጊያ ሁለቱም ናቸው ማለት ነው? ይህችን ብቻ ይመልሱልኝ።

ፈይሩዝ አብዱልሀኪም


ሸዋ ሮቢት
ታኅሣሥ 18 ቀን 2008

ልጄ ፈይሩዝ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ እግዚአብሔር ይክበር ይመስገን፣ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። መጻፍሽ ራሱ ለእኔ ብዙ ነው። የተቆጣሽውን ሁሉ ተቀብያለሁ።

ዘንድሮ በልጉም ክረምቱም ከድቶናል። ማሾው አበባ ላይ ሳለ ደረቀ። የሮቢት ወንዝ ድንጋዩ ብቻ ቀርቷል፤ ከብት ከላይ እስከ ታች ውሃ ፍለጋ ይሄዳል። አባትሽ ሁለቱን በሬዎች ሳይከሱበት ሸጣቸው። አንደኛዋን ላም ግን አልሸጥም ብሏል፤ ለካሚል ሠርግ የያዛት ናት። ወንድምሽ ቤት ሠርቷል፤ ከመንገዱ ወዲያ፣ ከማንጎው አጠገብ። የግቢውን የላሜራ በር እኔ እንድሠራ አዝዘውኛል።

አባትሽ ራሱ ሊያዝዘኝ ሱቄ ድረስ መጥቶ ነበር። «አንተ ገብሬ፣ እጅህ ይንቀጠቀጣል አሉ። በሩን አጣመህ ሙሽራይቱ በመስኮት እንዳትገባ» አለኝ።

«መስኮቱንም የምሠራው እኔ ነኝ» አልኩት።

«እንግዲያ ቆርቆሮውን ቀደን እናስገባታለን» ብሎ ሳቀ።

ሳቁ ላይ ሳለ «ፈይሩዝ ትጽፍልኛለች» አልኩት። «የማጀቴዋ?» አለ። እንደምታውቂው ነው፤ አክስትሽ ዘንድ ከላከሽ ወዲህ ስምሽን አይጠራም። «ደህና ናት አይደል?» አለና መልሴን ሳይጠብቅ የበሩን ወርድ በክንዱ መለካት ጀመረ።

የጻፍሽልኝን የፕላዝማ ነገር ለመረዳት ሞክሬያለሁ። ኤሌክትሮድ ብረቱን ነክቶ ትንሽ ከፍ ሲል የሚፈጠረው ነው ብዬ ያዝኩት። ያ ብርሃን ሰማያዊ ሆኖ ሲያምር ዓይን ይበላል፤ መነጽርሽን ሳታደርጊ እንዳትቀርቢ። እንቅልፍ ይነሳሻል፤ እኔ በወጣትነቴ አይቸዋለሁ። ያ ጥቁር ዱቄትስ በኋላ የት ይጣላል?

ስለ መዝጊያው የጠየቅሽኝን አይቻለሁ። ያን ቀን ጭሱም ጩኸቱም ብዙ ነበር። ዘመኑም ርቋል፤ በእርግጠኝነት ለመናገር ያስቸግራል። በሌላ ጊዜ እንጨዋወታለን።

ገብረሚካኤል


ትሮንድሄም
ጥር 10 ቀን 2008

ጋሼ፣

በድርቁ አዝኛለሁ። ዱቄቱ አይጣልም፤ የመኪና ጎማ የሚሠሩ ይገዙታል። መነጽር አደርጋለሁ።

አረፋዋ የሰሊጥ ፍሬ እንደምታክል ጽፈውልኛል። እርጎ መጠጣትዎን ጽፈውልኛል። መዝጊያው ግን ክፍት ይሁን ዝግ አያስታውሱም።

ፈይሩዝ


ሸዋ ሮቢት
ጥር 30 ቀን 2008

ልጄ፣

ዝግ ነበር።

ይህችን ቃል ከጻፍኩ በኋላ ብዕሩን አስቀምጬ ወጥቼ ነበር። አንድ የተሰበረ የባጃጅ መቀመጫ በየድኩ። ባለቤቱ አልቸኮልኩም እያለኝ በየድኩት። አሁን ተመልሻለሁ።

በዚያን ዕለት ማታ መልእክት ደርሶኝ በጭነት መኪና ጀውሃ ደረስኩ። እሳቱን በአፈር አጥፍተውታል፤ እናትሽን ወስደዋታል። ሰው ሁሉ ወጥ ቤቱን ፈርቶ ውጭ ቆሟል። «ሥራው የእሱ ነው፤ በያጁ ይግባና ይይ» አሉ። ጉድጓዱ ላይ ያለውን ዋናውን ዘጋሁና ባትሪ ይዤ ብቻዬን ገባሁ። መጋጠሚያው ላይ ሰም የሚባል አልነበረም። መዝጊያውን አየሁት። እጀታው ቧንቧውን አቋርጦ ተጋድሟል። ዝግ ነው። አንቺ ዘግተሽዋል። እሱ ዝግ ከሆነ ጋዙ በየት እንደገባ ሊያውቅ የሚችል ሰው እኔ ብቻ ነኝ፤ ነገ ግን ሌላው ሰው ሁሉ ይጠይቃል።

ለምን እንዳደረግኩት ስጠይቅ የኖርኩ መስሎኝ ነበር። እውነቱን ለመናገር አልጠየቅኩም፤ ያን ቦታ እየዘለልኩ ነው ንስሐ የገባሁት። ያዞርኩት ሳስብ ቆይቼ አይደለም። እጄ ቀደመኝ። ጥላሸት ይዞት ጠጥሮ ስለነበር በኮቴ እጅጌ ጠምጥሜ ነው ያዞርኩት። ከዚያ ግን ቆም ብዬ ማሰቢያ ጊዜ ነበረኝ፤ መልሼ ልዘጋው እችል ነበር። እኔ ግን ድምፄን ከፍ አድርጌ «አብዱልሀኪም፣ ና እይ» አልኩ።

አባትሽ ገብቶ አየ። ጎረቤቱም ተከትሎ አየ። «ማን ነው የነካው?» ሲል አንቺ በሩ ላይ ቆመሻል፤ ነጠላሽን አፍሽ ውስጥ ከተሽ። «ጠዋት እኔ ነኝ… ምናልባት» አልሽ። አሥራ ሁለት ዓመትሽ ነበር። ከዚያች «ምናልባት» ሥር ገብቼ ተደበቅኩ።

በሦስተኛው ቀን ቧንቧውን ላንሳላችሁ ብዬ ነቅዬ ወሰድኩት። አመሰገኑኝ።

ባለቤቴ ሙሉ ኮቴን ስታጥብ ከኪሱ የተቆረሰ ጧፍ አገኘች፤ እጅጌው ላይ ደግሞ ጥላሸቱን። ምንም አልጠየቀችኝም። ከዚያ ዓመት ወዲህ ግን የሚካኤልን ጧፍ ራሷ ትይዝ ጀመር፤ ለእኔ አትሰጠኝም። ከአራት ዓመት በፊት ልታርፍ ሳምንት ሲቀራት «ለልጅቷ ንገራት» አለችኝ። የትኛዋ ልጅ ብዬ አልጠየቅኳትም።

ለንስሐ አባቴ ለቄስ ንጉሤ ድሮ «ሰው በድያለሁ» ብዬ በደፈናው ተናግሬ ስግደት ተሰጥቶኝ ነበር። ፈጽሜዋለሁ። ባለፈው እሑድ ዝርዝሩን ነገርኳቸው። በኋላ «የበደልከው ጀውሃ ነው፤ አንተ የምትሰግደው እዚህ ነው» አሉኝና ሌላ ስግደት አልሰጡኝም።

መጨረሻ ላይ ልጠይቅሽ የማይገባኝን አንድ ነገር በሌላ ወረቀት ጽፌ አብሬ አጥፌዋለሁ። ካልፈለግሽ አትክፈችው።

ገብረሚካኤል


ትሮንድሄም
የካቲት 22 ቀን 2008

ለጋሼ ገብረሚካኤል፣

እንደምን አሉ? እኔ አልሃምዱሊላህ ደህና ነኝ።

ለብቻው ያጠፉትን ወረቀት ከፍቼዋለሁ። ይቅርታውን ቆይተው ይጠይቁኝ።

ትናንት የሚቴኑን መዝጊያ ራሴ ከፈትኩት። እጄ አልደረቀም። ደስ ብሎኝ እንዳይመስልዎ፤ ተናድጄ ነው የከፈትኩት። አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ደንግጦ «ቀስ» አለኝ። ነበልባሉን በትንሿ ጥቁር መስታወት አየሁት። ጋዙ ገባ፤ ምንም ድምፅ የለም። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ከታች ያለው ማጠራቀሚያ ጥቁሩን ዱቄት መቀበል ጀመረ፤ በላይ በኩል መለኪያው ሃይድሮጅን ነው አለ። ሁሉም አጨበጨቡ። እኔ መጸዳጃ ቤት ገብቼ ተቀመጥኩ። ዱቄቱ እጄ ላይ ቀርቶ ነበር፤ ጣት ላይ ከያዘ በሳሙና አይለቅም።

ካሚል በስልክ ደውሎልኝ ነበር፤ ከሰው ተደብቆ ይመስለኛል፣ የመኪና ጡሩምባ ይሰማል። ሠርጉ ግንቦት 14 ነው። «ልምጣ?» አልኩት። «እኔማ ደስታዬ ነው» አለኝ። «አባባስ?» አልኩት። «ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ነው» አለኝ። ኔትወርኩ ጥርት ብሎ ነበር።

አንድ ወንድም ነው ያለኝ ጋሼ። እናት የለችንም። ሙሽራውን ከቤት የሚያስወጣው ሰው እኔ መሆን ነበረብኝ።

ለእኔ በደብዳቤ ነገሩኝ። አመሰግናለሁ ልበል? አባቴ ግን ፊደል አይለይም። የሚያነብለት ካሚል ነው፤ ካሚል ቢያነብለት ደግሞ ለሠርጉ ብዬ እኔ ያስጻፍኩዎ ይመስለዋል። በአፍዎ ነው መንገር ያለብዎ። እዚያው ጀውሃ፣ ሰዎቹ ባሉበት። ያኔም «ና እይ» ያሉት ሰው ባለበት ነው።

እስከ ግንቦት ኢንሻአላህ ፈቃድ ይሰጡኛል። አባቴ «ትምጣ» ካላለ ግን አልመጣም። እናቴ በሞተችበት ግቢ ውስጥ ጥግ ይዤ ልቀመጥ አልችልም።

ፈይሩዝ


ሸዋ ሮቢት
መጋቢት 12 ቀን 2008

ልጄ ፈይሩዝ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። ስለ ሥራሽ ያነበብኩትን ለሰው መንገር አማረኝ፤ የምነግረው ሰው ግን አጣሁ። ለብቻዬ «ከፈተችው» አልኩ።

አልነገርኩትም። ደብዳቤው ረዝሞ መጨረሻው ላይ ከምታገኚው አሁን እወቂው።

ቅዳሜ ዕለት በሩን ልገጥም ጀውሃ ሄድኩ። ሄጄ ስገጥም፣ የምሰሶው ሲሚንቶ ደርቆ እስኪይዝ ስንጠብቅ፣ ብቻችንን ስንሆን እነግረዋለሁ ብዬ ነበር። ብቻችንን ሆንን። ካሚል ውሃ ሊቀዳ ሄደ። አባትሽ ማንጎው ሥር ተቀምጦ በሩን ያደንቃል።

«አብዱልሀኪም» አልኩት።

«አቤት።»

«የዱሮውን ነገር… የዚያን ጊዜውን…»

«የቱን?»

ዓይኑን አየሁት። ከናፊሳ ወዲህ እንደዚያ ያለ ጤነኛ ፊት አይቸበት አላውቅም። «ማጠፊያውን ሁለት ላድርገው ወይስ ሦስት?» አልኩት።

«ይህንን ልትጠይቀኝ ነው እንዲህ ያላበህ? ሦስት አድርገው። ሴት ስትቆጣ በር ትወረውራለች፤ የሙሉን ረስተኸው ነው?»

ሦስት አደረግኩት።

ስመለስ ባጃጁ ውስጥ ሰበቤን ደረደርኩ። የእኔ ጾም ነው፤ በጾም ሰው አይቀየምም። የእሱ ደስታ ነው፤ ደስታ አይበረዝም። ፋሲካ ይለፍ። ቤት ስደርስ ሁሉም ፈረሰብኝ። ያኔም ያሳበብኩት በበዓል ነበር፤ አሁንም የማሳብበው በጾም ነው።

ራሴን ስመረምር ያገኘሁትን ልጻፍልሽ። ፖሊስ አልፈራሁም፤ ይሰሩኝ። የፈራሁት ሌላ ነው። ሙሉ ከሞተች ወዲህ ከቅዳሴ መልስ እሑድን የማሳልፈው እናንተ ቤት ነው። ጾም ከሆነ አባትሽ ለብቻዬ በዘይት ያሠራልኛል። ከግድግዳው ጥግ የእኔ የሚባል ቁርበት አለ፤ ሌላ ሰው ሲቀመጥበት «የገብሬ ነው፣ ተነሥ» ይለዋል። ያን ቁርበት ነው ያልለቀቅኩት። አንቺን ከአባትሽ ቤት አስወጥቼ በቦታሽ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። ይህን ከዚህ በፊት በዚህ መልክ አላየሁትም ነበር።

ለዚህ ደብዳቤ መልስ አትጻፊልኝ። ተራው የእኔ ነው።

ገብረሚካኤል


ሸዋ ሮቢት
ሚያዝያ 9 ቀን 2008

ልጄ ፈይሩዝ፣

ካሚል ደውሎልሽ ከሆነ የኋለኛውን ሰምተሻል። ካልደወለልሽ የኋለኛውን ላስቀድምልሽ፤ የምትጠብቂው እሱን ነውና።

ትናንት ጠዋት የካሚል በር በጋሪ ተጭኖ ሱቄ መጣ። ከነማጠፊያው ነቅለውታል። ባለ ጋሪው «ለሠራው ሰው መልስ ብለውኛል፤ ምን አጠፋህ ጋሼ?» አለኝ። አውርዶ ግድግዳው ላይ አስደግፎት ሄደ። አባትሽ አልመጣም፤ ሰውም አልላከብኝም።

ከሰዓት በኋላ ካሚል መጣ። ደጃፉ ላይ ቆመ እንጂ አልገባም፤ ሰላምም አላለኝ። «አባባ ‹ልጄ መቼ ነው የምትመጣው?› ብለህ ጠይቃት ብሎኛል። የኖርዌይ ስልኳን ሰርዤዋለሁ፤ ስጠኝ» አለ።

«ልጄ ነው ያለው?» አልኩት።

«ልጄ ነው ያለው።»

«እንዴት አድርጎ?»

«እንዴት አድርጎ ይላል ሰው፣ ልጄ ብሎ ነዋ» አለኝና ዓይኑን አዞረ። ቁጥሩን ጻፍኩለት። ሊሄድ ሲል «ሌሊቱን ሙሉ ስሟን ሲጠራ ነው ያደረው። ከእንግዲህ በደጃችን አትለፍ» አለኝ። እሺ አልኩት። ትክክል ነው። ዛሬ ሰንበት ነው፤ ከቅዳሴ ወደ ቤቴ ገብቼ ይህን እጽፋለሁ። አንቺ ነይ። ሙሽራውን ራስሽ አውጪው።

አሁን የፊተኛውን ልንገርሽ።

ዓርብ ሚያዝያ 7 ጀውሃ ሄድኩ። ከጁምአ ሶላት በኋላ ወንዶቹ መስጊዱ ፊት ለፊት ዋርካው ሥር ስለ ሠርጉ ሊመክሩ እንደሚቀመጡ አውቅ ነበር። የመስጊዱ ሼህ ነበሩ። በእሳቱ ዕለት ማታ አባትሽን ተከትሎ ወጥ ቤቱን ያየው ጎረቤታችሁ ሳልህም ነበር። አባትሽ አየኝና ከጎኑ ገለል ብሎ ቦታ ለቀቀልኝ። «ና ተቀመጥ ገብሬ፤ ለሙሽራይቱ መስኮት እናስጨምር እያልን ነው» አለ። ሳቁ።

«ቆሜ ነው የምናገረው» አልኩ።

«ምነው፣ ቄስ ሆንክ እንዴ? ልትሰብከን ነው?» አለ ሳልህ። አሁንም ሳቁ። ሼሁ ግን ፊቴን አይተው በእጃቸው ዝም አሰኟቸው። «ተናገር» አሉኝ።

በመንገድ ላይ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፤ ከይቅርታ የሚጀምር። እሱን ተውኩት። ይቅርታ ካስቀደምኩ ምን እንዳደረግኩ ሳይሰሙ «አላህ ይቅር ይበልህ» ይሉኛል ብዬ ፈራሁ። ከሳሙናው አረፋ ጀመርኩ። ቀዳዳዋን ማየቴን፣ ለናፊሳ «ደህና ናት» ማለቴን፣ ጧፉን፣ በማግስቱ ፀሐይ ሲመታኝ ማሰቤን፣ ማሰቤንም መተዌን ነገርኳቸው። ድምፄ አልተሰበረም፤ እኔም ገረመኝ። የባጃጅ ድምፅ ሲያልፍ እስኪያልፍ ጠበቅኩ።

አባትሽ የሚቀመጥበትን ጋቢ ጫፍ ይዞ ይጠቀልላል፣ ይፈታል። ወጥ ቤቱ ጋ ስደርስ ቀና አለ።

«ክፍት ነበር» አለኝ ቀስ ብሎ። እኔን ሊያግዘኝ የፈለገ ይመስል ነበር። «እኔ አይቻለሁ ገብሬ። ክፍት ነበር።»

«አንተ ስታየው ክፍት ነበር» አልኩት። «ከአንተ በፊት የገባሁት እኔ ነኝ።»

ሳልህ «ያ አላህ» አለ። አባትሽ በእጁ መሬቱን ደግፎ ተነሣ፤ ፊት ለፊቴ ቆመ። እንዲመታኝ ጠበቅኩ። አልመታኝም፤ ይጠብቀኝ ነበር። ሌላ ሰው እንዳይናገረው፣ እኔው በአፌ እንድጨርሰው።

ያኔ ነው የጨረስኩት። ሁሉም እየሰማ እንዲህ አልኩ፦ «ፈይሩዝ መዝጊያውን ዘግታው ነበር። ዝግ ሆኖ አገኘሁትና በዚህ እጄ ከፈትኩት። ከዚያ ነው አንተን የጠራሁህ።»

ገብረሚካኤል